ከአርባ ምንጭ የወጡ

ባለፈው ሳምንት ሄይዋርድ በምሠራበት መጋዘን አንድ የሙዝ ካርቶን ከፈትኩ። ከሥር ያሉት ጠቁረው ፈርጠው ነበርና ሽታቸው ተነሥቶ ፊቴን መታኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች። እኔ ካርቶኑ ላይ እንደተደፋሁ ቀረሁ። የጋሽ አንጁሎ ክፍል እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ጋሽ አንጁሎ ኦክላንድ በነበረው ቤታችን የኋላዋን ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ዘመዳችን አይደሉም። አርባ ምንጭ ዙሪያ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ሠርተው፣ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ያኔ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ለኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሥራ ሺፍታቸው ሲያልቅ እኔን ከትምህርት ቤት ያመጡኛል። እማዬ ካስትሮ ቫሊ አሮጊቶችን ስታጥብና ስታበላ ትውላለች። አባዬ መንገደኛ ሲያመላልስ መኪናው ውስጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ምሽት ድረስ ቤቱ የእኔና የጋሽ አንጁሎ ነበር።

ሙዝ ይገዙና መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድረው እስኪጠቁር ይጠብቁታል። "በቢጫው የሚበላ ሰው ሙዝ አያውቅም" ይላሉ። ሲበሉትም ያሙታል። "ይሄ ሙዝ አይደለም፣ የሙዝ ፎቶ ነው።" ልጣጩ ላይ ያለችውን ስቲከር በጥፍራቸው ልጠው፣ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው የአገሩን ስም ያነቡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቡድኑ እንደተሸነፈበት ደጋፊ።

ያን ዓመት ስምንት ዓመቴ ነበር። ናርዶስን ያጣሁበት ዓመት ነው።

ናርዶስ የእማዬ ወንድም፣ የአጎቴ የዳዊት ልጅ ናት። በአንድ ወር እበልጣታለሁ። ቤታቸው ሳን ሆዜ ቢሆንም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድም እኛ ቤት፣ አንድም እነሱ ቤት ነበርን። አባዬና አጎቴ ዳዊት አንዱ የጀመረውን ቀልድ ሌላው የሚጨርስ ዓይነት ነበሩ። እኔና ናርዶስ ከጠረጴዛው ሥር ሆነን ጫማቸውን እያየን፣ ማን እየሳቀ እንደሆነ ከእግራቸው አነቃነቅ እንለይ ነበር።

በመስከረም ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ተከፈለች ሲባል ሰማሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግድግዳውን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። በሴቶች በር በኩል ከጣራው እስከ ወለሉ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁ፤ ድሮ የመሬት መንቀጥቀጥ የተወው ነው። ይሄ ነው፣ አልኩ። በዚህ ምክንያት ግማሹ ሰው ለምን እንደሸሸ ግን አልገባኝም። ቢበዛ አንድ ባልዲ ኖራ ነበር የሚፈልገው።

እውነቱን ያወቅሁት ቀስ እያልኩ ነው። የምእመናን ስብሰባ ነበር። አባዬ ከቀሩት ጋር ነው፤ አጎቴ ዳዊት ሳን ሆዜ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ከወጡት ጋር። በስብሰባው መሃል አባዬ ተነሥቶ አጎቴን "ከሃዲ!" አለው፣ በሰው ሁሉ ፊት። አጎቴም የያዘውን ማይክ መሬት ላይ ወርውሮ ሰብሮት ወጣ። ያን ቀን ማታ አባዬ እራት ላይ፣ "የዚያን ሰው ስም ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳልሰማ" አለ።

"ናርዶስስ?" አልኩት።

"ናርዶስ አባት አላት።"

እማዬ ሳህኖቹን አነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ፋኑን ከፍታ፣ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አመጣች። እኔ ሆዷን ያማታል ብዬ እሰጋ ነበር፤ በሩ ሥር ዝንጅብል ሻይ አስቀምጬላት አውቃለሁ። ለካ ወንድሟን ኮል የምታደርገው ከዚያ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪያችን ሚስ ካርተር በአሜሪካ ደቡብ፣ አላባማ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ የተወለደች ሴት ነበረች። በየካቲት ላይ በካርቶን ላይ የራሷን ቦርድ ሠርታ መጥታ አሳየችን፤ ከከተማዋ የወጣ ጥሩምባ ነፊ፣ ከከተማዋ የወጣች ዳኛ፣ አያቷ ሳትቀር እስከ ዛሬ የምትምልበት የበርበሬ ስጎ። "ቤተሰባችሁ የመጣበትን ከተማ ምረጡ" አለችን። ሦስት ታዋቂ ሰው፣ ሦስት ፕሮዳክት። መሃል ላይ ደግሞ በትልቅ ሣጥን ውስጥ፣ ከተማዋ ለዓለም የሰጠችው ትልቁ ነገር። አንድ ከተማ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። አዲስ አበባን ናሆም የሚባል ልጅ እጁን ቀድሞ አውጥቶ ወሰዳት።

እያለቀስኩ ወደ መኪናው ገባሁ። ጋሽ አንጁሎ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ "መምህርቷም የደቡብ ሰው ናት በይኛ!" አሉ። "ተይው አዲስ አበባን፤ ሁሉም ሰው ነው የሚያውቃት። አርባ ምንጭን ያዢ።"

እቤት ስንደርስ ወረቀት አስወጡኝ።

"ስንት ታዋቂ ሰው ነው የፈለገችው?"

"ሦስት።"

"ሦስት ለሌላ ከተማ ነው። ጻፊ።"

እየተንጎራደዱ አስጻፉኝ። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ አንድ ኳስ ተጫዋች፤ ሲቀላ ሰፈር በጨርቅ ኳስ ሲጫወት እሳቸው ግብ ጠባቂ ነበሩ። አንዲት ዘፋኝ፤ እናቷ ገበያ ላይ ማንጎ ትሸጥ ነበር። አንድ ሐኪም። አንድ ጀኔራል። ቀጥሎ አንድ ሯጭ አሉኝ።

"እዚያ ነው የተወለደው?"

"አልፏል።"

"አልፏል ማለት?"

"ወደ ጂንካ ሲሄድ ምሳውን አርባ ምንጭ ነው የበላው። የጫሞን ዓሣ። ከዚያ ወዲህ ነው መቅደም የጀመረው።"

"ዛት ዳዝንት ካውንት!"

"ምን አልሽ?"

"አይቆጠርም ነው ያልኩት።"

"ይቆጠራል። ዓሣ በልቷል እኮ ነው የምልሽ።"

ፕሮዳክቱም እንዲሁ ሞልቶ ፈሰሰ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ዓሣ፣ ከላይ ከጨንቻ የሚወርደው ፖም። የአዞ እርባታ አለ ሲሉኝ፣ አዞዎች እንደ ዶሮ በረድፍ ቆጥ ላይ ተቀምጠው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ቅርጫት ይዞ ከሥራቸው እንቁላል ሲለቅም ነው የታየኝ። ጣት ያለው ሰው ነው ወይ የሚለቅመው ብዬ ጠየቅኋቸው። በጣም አሰቡበት። "አብዛኛው አለው" አሉ።

ከዚያ የአባዬን ጋቢ ከቁም ሣጥን አውጥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ "ይሄንንም ጻፊ" አሉ። "የሠራው እጅ የኛ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። ትምህርት ቤት 'የሸማኔ ልጅ' እያሉ ድንጋይ ይወረውሩብኝ ነበር።"

"ማን?"

"ልጆች። እሑድ ግን አባቴ የሠራላቸውን ለብሰው ይመጣሉ።" ጋቢውን እጥፉን ሳያዛንፉ መለሱት። "ይሄን አትጻፊው።"

የመሃሉ ሣጥን ባዶ ቀርቶ ነበር። ከተማዋ ለዓለም የሰጠችው ትልቁ ነገር ምንድነው ስላቸው፣ መንጎራደዱን ተዉ። አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

"ልጅ ሆኜ" አሉ፣ "የኛ መንደርና ማዶ ያለው መንደር በግጦሽ ተጣሉ። ጎረምሳው ሁሉ ዱላና ጦር ይዞ መንገዱ ላይ ወጣ፤ አባቴም አለበት። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ምንም አልያዙም። በእጃቸው እርጥብ ሣር ብቻ። መሃል መንገዱ ላይ፣ በሁለቱ መካከል፣ ሣሩን ከፍ አድርገው ተንበረከኩ። እኛ ዘንድ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተሻግሮ የሚሄድ ሰው የለም። ዱላው ሁሉ ወደ መሬት ወረደ። የአባቴም።"

እርሳሴን አነሣሁ። "ስማቸው ማነው?"

"የማን?"

"የሽማግሌዎቹ። ታዋቂ ሰው ስም አለው።"

"ስማቸውን ማን ይዞት! ሽማግሌዎች ናቸው በቃ።"

ስም የሌለው ሰው ለሚስ ካርተር እንደማይሆን ስለገባኝ ሣጥኑን ባዶ ተውኩት። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። በማግስቱ መኪና ውስጥ፣ መብራት ይዞን እንደቆምን፣

"ጋሽዬ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት አይደል?" አልኳቸው።

"አርጅቻለሁ ማለትሽ ነው?"

"አባዬና አጎቴ ዳዊት ፊት ይንበርከኩልኝ።"

ሊስቁ ጀምረው ተዉት። መብራቱ ለቀቀ፤ ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩምባውን ነፋ።

"ሶሊዬ" አሉ እየነዱ፣ "ሽማግሌነት ዕድሜ አይደለም። ሰው አገሩ ላይ ኖሮ፣ ሕዝብ አይቶት፣ መዝኖት ነው። እኔ በሃያ ዓመቴ ከዚያ ወጣሁ። ሽማግሌ ሳልሆን ነው የሸበትኩት። ደግሞ በአንድ ሰው አይደረግም። አባትሽ ተሻግሮኝ ቢሄድስ? ከዚያ በኋላ በእሱ ቤት መኖር አለ? ዕቃዬን ጠቅልዬ ልሂድልሽ?"

እሱን አላሰብኩትም ነበር። ናርዶስ ትመጣና ጋሽ አንጁሎ ይሄዳሉ ማለት ነው። ልጅ ነበርኩና ሁለቱን በሐሳቤ ጎን ለጎን አስቀምጬ ለመምረጥ ሞከርኩ፤ አቃተኝ፤ አለቀስኩ።

ማልቀሴን ሲያዩ ጨነቃቸው። "ደግሞስ ሣር የት አለ?" አሉ፣ በመስኮቱ እያሳዩኝ። "እርጥብ መሆን አለበት። የደረቀ ሣር አይያዝም። ይሄው እይ!"

የድርቅ ዓመት ነበር። ውሃ ማጠጣት ተከልክሎ የሰዉ ደጅ ሁሉ እንደ ጆንያ ቡናማ ሆኗል። ጋሽ አንጁሎ ይህን ያሉት ሰበብ ፍለጋ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ንግግራቸው ውስጥ የቀረው ችግር የሣር ብቻ መሰለኝ።

ስለዚህ ሣር ፍለጋ ጀመርኩ። ትምህርት ቤት አጥር ሥር፣ ልብስ የምናጥብበት ላውንድሪ ጀርባ፣ ቧንቧ በሚያንጠባጥብበት ሁሉ አየሁ። የሚነቀለው ሁሉ እጄ ላይ ይሰበራል። አንድ ቅዳሜ ግን ከቤታችን ፊት ለፊት ሠራተኞች መጥተው የጎረቤታችንን ደጅ ፕላስቲክ ሣር አለበሱት። የተረፈውን ቁርጥራጭ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ከመሩት። ፕላስቲክ መሆኑን አላጣሁትም። እንዲያውም ያስደሰተኝ እሱ ነው። ጋሽ አንጁሎ የደረቀ አይሆንም አላሉም? ይሄ ጨርሶ የማይደርቅ ነው። የሁለት መዳፍ ስፋት ያለውን መርጬ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከሦስት ሳምንት በላይ ከሒሳብ ደብተሬ ጋር ተሸከምኩት።

የቦርዱ ማሳያ ቀን ግንቦት ውስጥ ነበር፣ ከሥራ መልስ፣ ወላጆች በሚመጡበት ሰዓት። ፕሮዳክቱን በዕቃ ማሳየት ይቻላል ስለተባለ ጋሽ አንጁሎ አንድ ሣጥን ሙዝ ገዙ። ዋዜማውን እኔና እሳቸው ሙዙ የመጣበትን አገር ስቲከር እየላጥን፣ በእጃችን "አርባ ምንጭ" ብለን የጻፍንባቸውን ክብ ወረቀቶች ስንለጥፍ እማዬ መጣችብን።

"ጋሽ አንጁሎ! ይሄ እኮ ውሸት ነው።"

"የምን ውሸት አስቴርዬ? እኛ ሁላችን ዜግነት ቀይረን የለም እንዴ? ማን ምን አለን? ሙዙንም ተይው።"

እማዬ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሳትስቅ ቆይታ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ያልተናገረችውን በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አየሁት። አባዬ የሙዙን ሣጥን ከመኪናው ኋላ እያወረደ ነው፤ እማዬ ቦርዱን ይዛለች፤ ጋሽ አንጁሎ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰው መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። አንድ ግራጫ መኪና ገብቶ ሁለት ቦታ አልፎን ቆመ። አጎቴ ዳዊት ወረደ። ከኋላ ወንበር፣ በተዘጋው መስኮት ውስጥ፣ የናርዶስን ግንባር አየሁ።

አባዬ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"አንቺ ነሽ የጠራሽው?"

"ወንድሜ ነው፣ ግርማ" አለች እማዬ። "ልጅቷ ስታቀርብ ይያት ብዬ ነው።"

"ላንተ አይደለም የመጣሁት" አለ አጎቴ ከዚያ ማዶ። "ለሶሊ ነው።"

"ሶሊ አባት አላት። እምነቱን ጥሎ ከሄደ ሰው የምትፈልገው የለም።"

"እምነቱን የጣለው ማነው? ንገረኛ! እዚሁ ሰው ፊት ድገመው!"

"ሶሊ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። እንሄዳለን።"

"ግርማ፣ የልጅቷ ቀን ነው…"

"እንሄዳለን አልኩ!"

ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ናርዶስን መቼም እንደማላያት ታወቀኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሣሩን አወጣሁና ጋሽ አንጁሎ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው ሣሩን ዳሰሱ፣ እኔን አዩ፣ አባዬን አዩ። ሽማግሌ እንዳልሆኑ የነገሩኝ ትዝ አለኝና ሣሩን መልሼ ልወስድባቸው እጄን ዘረጋሁ።

በአንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ በሌላው፣ አስፋልቱ ላይ ወረዱ። በሁለቱ መኪኖች መካከል፣ በአባዬና በአጎቴ መካከል፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉ።

"ኧረ ጋሽ አንጁሎ! በእግዚአብሔር! ይነሡ!" አባዬ ደነገጠ።

"አልነሣም።"

"ኧረ ነውር ነው፣ በእኔ ፊት እርስዎ…"

"በኛ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ጥሎ መሄድ የለም። ከሄድክ ተሻግረኸኝ ነው የምትሄደው፣ ግርማ። አንተም፣ ዳዊት።"

ልጆቿን የያዘች አንዲት ወላጅ ስታልፍ የወደቁ መስሏት ቆመች። "ሰር፣ ዲድ ዩ ፎል? ሹድ አይ ኮል ሰምዋን?"

"ሂ ኢዝ ፋይን" አለች እማዬ፣ ቦርዱን እንደ ጋሻ ይዛ። "ሂ ኢዝ… ፕሬይንግ።" ጸሎት ላይ ናቸው ማለቷ ነው።

አጎቴ ዳዊት ሊያነሣቸው ቀርቦ ጎንበስ አለ። ድንገት ቆመ። "ይሄ ምንድነው? ጋሽ አንጁሎ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው!"

ጋሽ አንጁሎ ሣሩን ወደ አፍንጫቸው አምጥተው አሸተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የማይደርቅ… የማይደርቅ ይሻላል ብዬ ነው" አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ሣሩን ቀስ ብለው መልሰው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት።

"ሣሩ ፕላስቲክ ነው" አሉ። "ጉልበቴ ግን እናቴ የሰጠችኝ ነው። ቶሎ በሉ።"

አባዬ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ትከሻው ሲናጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቁን እየታገለ ነው። አጎቴ ዳዊት ግን አልሳቀም።

"በሰው ፊት ከሃዲ ብሎኛል" አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። "እህቴ ባለችበት። ልጄ እየሰማች።"

አባዬ ዞረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። "ማይኩን ሰበርክ" አለ።

"ሰበርኩ።"

ከአዳራሹ ሚስ ካርተር ልጆችን ስትጠራ ይሰማል። የጋሽ አንጁሎ ክንድ መውረድ ጀመረ፤ መልሰው አነሡት።

"ማለት አልነበረብኝም" አለ አባዬ፣ አስፋልቱን እያየ። "ክፉ ቃል ነው። በሕይወቴ ለማንም ብዬው አላውቅም። ለአንተ አልኩት።"

አጎቴ የጋሽ አንጁሎን ቀኝ ክንድ ያዘ። ብቻውን ማንሣት አልቻለም፤ ከባድ ሰው ነበሩ። አባዬ ሄዶ ግራውን ያዘ። እንደ ከረጢት አነሧቸው፤ ከተነሡም በኋላ ጉልበታቸው ስላልቆመ ሁለቱም አልለቀቋቸውም። ፊታቸው በጣም ተቀራርቦ ነበር። አጎቴ ዳዊት፣ "ከስተሃል" ሲለው ሰማሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ አንድ አልሆነም። እስከ ዛሬ ሁለት ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ አላሰብኩትም፤ ወደ ግራጫው መኪና እየሮጥኩ ነበር።

ናርዶስ በሩን ከፍታ ወረደች። ተያየን፤ አፍረን ቆምን። ከዚያ ስትስቅ አየሁት፦ ከላይ፣ ከፊት ጥርሷ ጎን፣ የማላውቀው ጥርስ።

"የበፊቱ መቼ ወለቀ?" አልኳት።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ሎንግ አጎ" አለች። "ከገና በፊት ነው።"

እስከዚያ ድረስ የወለቁላትን ሁሉ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ይሄኛው ነቅንቆ፣ ወልቆ፣ ክፍተቱ ቆይቶ፣ ሌላ በቅሎበታል፤ እኔ አልነበርኩም።

"ክፈቺ" አልኳት።

አፏን ከፈተች። በጣቴ ነካሁት። የጥርሱ ጠርዝ ገና እንደ መጋዝ ነበር።